በግቢ ውስጥ የተቀባች ባጃጅ

ከቆቦ ወደ ሮቢት በሚኒባስ ስመለስ ከኋላዬ የተቀመጡ ሁለት ሰዎች ሲያወሩ ሰማሁ፤ ሰውየው የቀለም ቆርቆሮ ታቅፏል፣ ሴትዮዋ ቅርጫት።

«ቤት ልትቀባ ነው ወንድምዓለም?»

«ባጃጄን ነው። የጋራዡን ዋጋ አልቻልኩትም፤ ግቢዬ ውስጥ በቡርሽ እየቀባኋት ነው።»

«ትናንት ነፋስ ነበር እኮ። እኛ አውድማ ላይ ጤፍ ስናዘራ ነው የዋልነው።»

«እሱ ነው የጎዳኝ። የእናንተ ሁሉ እብቅ መጥቶ እርጥቡ ቀለም ላይ ተለጠፈ።»

«ውይ፣ በእኛ ጦስ። ታዲያ ምን ልታደርገው ነው?»

«በብርጭቆ ወረቀት ፍቄ እንደገና እቀባታለሁ። አንዱን ጎኗን ግን አልነካውም።»

«እሱ ላይ እብቅ አላረፈም?»

«እሱ ላይማ የእናቴ እጅ ነው ያረፈው።»

«እንዴት ሆኖ?»

«ዓይኗ ከጠፋ ቆይቷል። ባጃጇን ሰማያዊ ቀባኋት ስላት ‹እስቲ ልያት› ብላ ወጣች። አልደረቀም ከማለቴ በፊት መዳፏን ዘርግታ ጫነችው።»

«አወቀች?»

«የት አውቃ። ‹ታምራለች› አለችኝ። እጇን በዘይት አሽቼ ጠረግኩላት፤ ‹ምን ነክቶኝ ነው?› ብትለኝ አቧራ ነው አልኳት።»

«ተሳፋሪው ይስቅብሃል እኮ።»

«ይሳቅ። አምስቱም ጣቶቿ ጥርት ብለው ወጥተዋል እታለም፤ በምን ልቤ ልፋቃቸው?»

ሮቢት ወርጄ የሚኒባሱን በር ከዘጋሁ በኋላ መዳፌን ከብረቱ ላይ ወዲያው አላነሳሁም።