እርጥብ እጅና ደረቅ እጅ

የመነጽር ሌንስ የሚሞረድበት ወርክሾፕ አለቃ አንድ ቅዳሜ ቀትር ላይ ወደ ቤታቸው ሲሄዱ ዝናብ ያዛቸውና ከአንድ የጽሕፈት መሣሪያ መደብር ታዛ ሥር ገብተው ቆሙ። ዘወር ቢሉ፣ ደብተሮቿን ኮቷ ውስጥ ሸሽጋ አጠገባቸው የቆመችው የእህታቸው ልጅ ናት። ይህች ልጅ ኮሌጅ ውስጥ ሥነ ልቦና ታስተምራለች። አለቃው ሥነ ልቦና ማለት በሰው ሆድ ውስጥ ያለውን ማንበቢያ ጥበብ ይመስላቸው ነበር። እሷ «አይደለም» ባለቻቸው ቁጥር «ታዲያ ይህን ሁሉ ዓመት ምን ስትማሪ ከረምሽ?» እያሉ ያሾፉባታል።

«ጋሼ! እንደምን ዋሉ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። አንቺ ግን ከስተሻል። ከመጽሐፉና ከአንቺ ማን ማንን እየበላ እንደሆነ እንጃ!»

ልጅቱ ሳቀች። ዝናቡ ቶሎ የሚያባራ አይመስልምና ስለ ሥራቸው ጠየቀቻቸው። እሳቸውም ሰኞ ለአዲሱ ቅርንጫፍ አሥራ ሁለት ተለማማጆች እንደሚመርጡ፣ በወሩ መጨረሻ ደግሞ አንዲት ሴት እንደሚያሰናብቱ፣ ይህኛው ትንሽ እንደከበዳቸው ነገሯት።

«ምን አጠፋች?»

«እስካሁንስ ምንም። ግን እጇን ያልባታል።»

ልጅቱ የቀለዱ መስሏት ፊታቸውን አየች። አልቀለዱም።

ነገሩ እንዲህ ነው። አለቃው ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ሠራተኛ የሚመርጡት በሰላምታ ነበር። አመልካቹ ይገባል፣ እጁን ይዘረጋል፣ እሳቸው ይጨብጡታል። እጁ ደረቅ ከሆነ ወንበር ይሰጠዋል፤ እርጥብ ከሆነ «እናስታውቅሃለን» ተብሎ ይሸኛል፤ የሚያስታውቀው ግን የለም። ሌንስ ስስ ነገር ነው፤ ያልረጋ እጅ ይሰነጥቀዋል፣ ይጭረዋል። እጁን የሚያልበው ሰው ደግሞ ልቡ አይረጋም፣ ልቡ ያልረጋ ሰው እጁም አይረጋም ባይ ናቸው። ይህችን ሴት የቀጠሯት ግን እሳቸው ታመው በተኙበት ሳምንት ባለድርጅቱ ነበሩ። ባሏ የሞተባት የሦስት ልጆች እናት ስትሆን ከዚህ ሥራ በቀር ሌላ መተዳደሪያ የላትም። አለቃው ድነው ሲመለሱ ቢጨብጧት እጇ ከውሃ የወጣ ይመስል ነበር። የሙከራ ጊዜዋ ሲያልቅ እንድትሄድ ያኔውኑ ወሰኑ።

«ጋሼ፣ ይህ ነገር እውነት መሆኑን በምን አወቁ?»

«በዓይኔ አይቼ ነዋ! በዘመድ የገባ፣ እጁን የሚያልበው አንድ ሰውዬ ነበር። በሦስተኛው ቀን አንድ ሳጥን ሌንስ ይዞ ደረጃው ላይ ተፈጠፈጠልሽ። ድምፁ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ።»

«እጁ ደረቅ ሆኖ ሌንስ የሰበረስ የለም?»

«ሞልቶ! መቼም ሥራ ነው፣ አጋጣሚ አይጠፋም።»

«አዩ ጋሼ፣ ደረቁ ሲሰብር አጋጣሚ፣ እርጥቡ ሲሰብር ጠባይ። በዚህ ዓይነት ዳኝነት ለእርጥቡ መቼም አይፈረድለትም!»

በዚህ ነገር አለቃውን ለይቶ መውቀስ አይገባም። ሰው ሁሉ ያመነበትን የሚደግፍለትን ነገር አጥብቆ ይይዛል፣ የሚቃወመውን ደግሞ ሳያውቀው ያሳልፋል። የተማረውም ቢሆን ካልተጠነቀቀ ከዚህ አያመልጥም።

«ሌላም ልጠይቅዎ» አለች ልጅቱ። «ከበር የመለሷቸው ሰዎች የት ደረሱ?»

«እኔ ምን አውቄ!»

«እንግዲያው ነገሩን በግማሽ ነው ያዩት። ደረቅ እጅ ጥሩ መሥራቱን አይተዋል። እርጥብ እጅ መጥፎ መሥራቱን ግን አላዩም፣ እንዲሠራ አልፈቀዱለትማ! ሁለቱን ጎን ለጎን ሳያሠሩ ይሄ ከዚያ ይበልጣል ማለት አይቻልም።»

«ልጄ፣ ሰውን ማመን ቀብሮ ነው። ሌንሴን አስፈጅቼ ልወቅ?»

«አይ፣ በሥርዓት ይሞከር። ሰኞ እርስዎ ማንንም አይጨብጡ። የመጡትን ሁሉ እኔ ልጨብጥና ማን እርጥብ፣ ማን ደረቅ እንደሆነ ጽፌ በፖስታ ላሽግ። ከዚያ አሥራ ሁለቱ በዕጣ ይግቡ። እያንዳንዱ ሥራውን የሚያስቀምጠው ቁጥር ብቻ በተጻፈበት ሳጥን ይሁን። እርስዎ ከመቶው ስንቱ እንደተበላሸ ይቆጥራሉ፣ ሳጥኑ የማን እንደሆነ ግን አያውቁም።»

«ለምን አላውቅም? አጭበረብራለሁ ብለሽ ነው?»

«ኧረ በፍጹም! እኔም ባውቅ ዓይኔ ማዳላቱ አይቀርም። እርጥብ እጅ የሠራው ነው ከተባሉ ትንሿ ጭረት ትልቅ ትሆንብዎታለች።»

«ዕጣውስ ምን ይረባል?»

«እርስዎ ቢመርጡ የወደዱትን ያስገባሉ፤ እኔ ብመርጥ ያዘንኩለትን አስገባለሁ። ዕጣ ግን ዘመድ የለውም።»

ይህ አነጋገር አለቃውን ደስ አሰኛቸው፤ ደስታቸውን ግን ደበቁ። ሁለት ወር እንደሚሞክሩ፣ የሴትየዋንም የሙከራ ጊዜ እስከዚያ እንደሚያራዝሙላት ተስማሙ። «እንግዲህ እሷም ትቆጠር?» አሉ። ልጅቱ ራሷን ነቀነቀች።

«እሷ አትቆጠርም። ቀድማ የጀመረች ናት፣ ሥራውን ለምዳለች። እሷን ከጀማሪ ጋር ማወዳደር ለእኔ ወገን ማድላት ይሆናል።»

«ወገንሽን የምትጎጂ ተከራካሪ ዛሬ አየሁ!» አሉ አለቃው፤ ዝናቡም አባራ።

ሰኞ ሠላሳ ሰዎች መጡ። ልጅቱ ሁሉንም ጨብጣ፣ ከሠላሳው የአሥራ ሁለቱ እጅ እርጥብ ሆኖ አገኘችው። ዕጣው ሲወጣ ከገቡት አሥራ ሁለት ሰዎች ሰባቱ ደረቅ፣ አምስቱ እርጥብ ነበሩ። ይህን የምታውቀው እሷ ብቻ ናት። ፖስታውን ስታሽግ አለቃው ከጎኗ ቆመው «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» አሏት።

«ከሁለቱ አንዱን ሁኚ ከተባልኩ ወረቀቱን ልሁን ጋሼ» አለቻቸው።

ከዚያ ወዲያ አለቃው ዘወትር ከሥራ መውጫ በፊት መስኮቱ ሥር ካለው ጠረጴዛ ይቀመጣሉ። እያንዳንዱን ሌንስ ወደ ብርሃን አንስተው ያዩና የተጫረውን፣ የተሰነጠቀውን፣ ጠርዙ የተሸረፈውን ለይተው በቁጥሩ አንጻር ይጽፋሉ። ቅዳሜ ቅዳሜም የሳምንቱን ቁጥርና በሥራው ላይ ያጋጠመውን ለእህታቸው ልጅ ይልኩላታል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት «ይኼ ሰባት ቁጥር በእርግጥ እርጥብ ነው!» እያሉ ይገምቱ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ግን ሰባት ቁጥር አስተካክሎ ሲሠራ ግምታቸውን ተዉት።

በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ አንድ ችግር መጥቶ ነበር። ባለድርጅቱ «የዚያችን ሴት ጉዳይ ምን ታንጠለጥሉታላችሁ? ትሂድ ወይም ትቅር፣ ዛሬ ይወሰን» ብለው ተቆጡ። አለቃውም ወደ እህታቸው ልጅ ደውለው ፖስታው ይከፈት አሏት።

«አይከፈትም ጋሼ። ገና ሁለት ሳምንት ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ?»

«ሴትየዋ ልትባረር ነውኮ!»

«አውቃለሁ። ለባለድርጅቱ ይለምኑልኝ። የተስማማነው ሁለት ወር ነው።»

አለቃው ስልኩን ዘግተው «ፈርታለች፣ እየተሸነፈች ነው» ብለው አሰቡ። እንዲህ እያሰቡም ሄደው ለመኑላት። ለምን እንደለመኑ ራሳቸውም አልገባቸውም፤ ምናልባት ያችን ሴት ማሰናበት ከመጀመሪያውም ስላልሆነላቸው ይሆናል። ባለድርጅቱ እያጉረመረሙ ፈቀዱ።

ሁለቱ ወር ሲሞላ ልጅቱ ወርክሾፑ ድረስ መጣች። ማሽኖቹ ቆመው ከመሞረጃው የሚንጠባጠበው ውሃ ብቻ ይሰማል። ፖስታው ተከፈተ፣ ቁጥሮቹም በሁለት ዓምድ ተጻፉ። ደረቅ እጆች ከመቶ ያበላሹት ሦስት፣ አራት፣ አምስት፣ አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት እና አሥራ ሁለት ነው። እርጥብ እጆች ደግሞ ሦስት፣ አራት፣ አምስት፣ ስድስት እና ዘጠኝ።

አለቃው ደምረው አካፈሉ። «የደረቁ አማካይ ስድስት፤ የእርጥቡ አምስት ከምናምን። እንግዲህ እርጥብ እጅ ይሻላል ልትዪኝ ነው?»

«አልልም። ያ አሥራ ሁለት ያበላሸው አንድ ሰው ነው የደረቆቹን አማካይ የጎተተው። ከትንሹ ወደ ትልቁ ደርድረው መካከል ላይ ያለውን ይመልከቱ፤ በሁለቱም ወገን አምስት ነው። ደግሞም አሥራ ሁለት ሰው ጥቂት ነው፤ ይህን የምታህል ልዩነት ዕጣም ያመጣታል። እኔ ማለት የምችለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የእጅ ላብ ማን ጥሩ፣ ማን መጥፎ እንደሚሠራ ሲነግረን አላየንም።»

«ታዲያ ያን ጊዜ ስደውልልሽ ምነው ፈራሽ?»

ልጅቱ ከደብተሯ ሌላ ወረቀት አወጣችና ሰጠቻቸው። የሁለተኛው ሳምንት ቁጥር ነበር። ደረቆቹ በአማካይ አሥራ አንድ፣ እርጥቦቹ አምስት።

«በዚያን ቀን ብከፍተው ኖሮ ረትቼዎት ነበር» አለች። «ግን መብራት ሄዶ ማሽኑ ድንገት ሲቆም የሁለት ደረቆች ሥራ በአንድ ቀን ተበላሽቶ ነበር። ሁለት ሳምንት እንዲህ ያለውን አጋጣሚ አያጣራም። ስለጠቀመኝ ብቻ ብቀበለው፣ እርስዎ ስለዚያ ደረጃ ላይ ስለወደቀው ሰውዬ ካደረጉት በምን እለያለሁ?»

አለቃው ወረቀቱን ደጋግመው አዩት። እስከዚያ ደቂቃ ድረስ ልጅቱ ከእሳቸው ጋር የምትከራከር ይመስላቸው ነበር። የምትጠብቀው እውነቱን እንደሆነ፣ ለእሱም ስትል ያዘነችላትን ሴት ሥራ ለአደጋ እስከማጋለጥ እንደደረሰች አሁን ገባቸው። ቁጥሮቹ አፋቸውን አስይዘዋቸው ነበር፤ ልባቸውን ያሸነፈው ግን ይህ ነው።

«ልክ ነሽ ልጄ። ተረታሁ» አሉ፤ ቃሉ ከአፋቸው ሲወጣ እንዳሰቡት አልመረረም።

ሴትየዋ ተጠራች። እሷ የሠራችው ለብቻው ተቆጥሮ ከመቶ አራት ብቻ ተበላሽቶ ነበር። የመሰናበቻ ደብዳቤ የምትቀበል መስሏት በር ላይ ቆማ ቀረች። አለቃው ወንበር አስቀርበው አስቀመጧት፣ የቋሚ ቅጥር ደብዳቤዋንም ሰጧት። አንብባ ስትጨርስ ዓይኗ እንባ ሞላ።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ እንዳትቀየሚኝ» አሉ አለቃው። «ሥራ ላይ ስትሆኚ እጅሽን ያልብሻል?»

«ኧረ የለም ጋሼ! ያላበኝ ያን ዕለት ነው፣ እርስዎ ሲጨብጡኝ። እንዲያው ይህን ሥራ ባጣ ልጆቼን ምን አደርጋቸዋለሁ እያልኩ ነበራ።»

አመስግና ወጣች። አለቃው የወረቀት ቁራጭ አንስተው ለራሳቸው ሒሳብ ጀመሩ። በዓመት ሃያ ሰው ቢመጣ፣ ልጅቱ ከጨበጠቻቸው እንደታየው ከአምስት ሁለቱ እጃቸው እርጥብ ቢሆን፣ ስምንት ሰው ይመለሳል። በሃያ ስድስት ዓመት ሁለት መቶ ስምንት ሰው።

«ከእነዚህ ውስጥ ስንቱ ጥሩ ሠራተኛ ይወጣው ነበር?» አሉ፤ ድምፃቸው ዝቅ ብሏል።

«በእርግጠኝነት አይታወቅም ጋሼ፤ ስላልጻፏቸው። የእኛ ቁጥር እውነት ከሆነ ግን ደረቆቹን ያህል።»

«ሥራው አጥብቆ የቸገረውን ነው እየመረጥኩ የመለስኩት» አሉ። ልጅቱ አጽናናች ለመባል ያህል እንኳ አላስተባበለችም፤ እጇን ትከሻቸው ላይ አኖረች።

በማግስቱ አለቃው ባለድርጅቱ ቢሮ ገብተው አዲሱን የቅጥር ሥርዓት አስረዱ። አመልካች በዕጣ ገብቶ ሁለት ወር ይሠራል፤ ሥራው በቁጥር ብቻ ይመረመራል፤ በአንድ ቀን ጥፋት ወይም በአንድ ቀን ልማት አይፈረድም። የተመለሰ ሰውም ስሙና የተመለሰበት ምክንያት ይመዘገባል። ከዚህ የሚገኘውንም ጥቅም ዘረዘሩ። ሌንስ ይተርፋል፣ ጥሩ እጅ ከደጅ አይመለስም፣ ሠራተኛው በሥራው እንጂ በአለቃው ግምት አለመዳኘቱን አውቆ ተረጋግቶ ይሠራል፤ አለቃውም ሲሳሳት ስህተቱን የሚያይበት መዝገብ ይኖረዋል።

ባለድርጅቱ እስከ መጨረሻው ሰምተው ተገረሙ። «መልካም ነው፣ ይሁን። ግን እርስዎ እንዲህ ያለውን ነገር ከማን ተማሩት?»

አለቃው የእህታቸውን ልጅ ስም ሊጠሩ አፋቸውን ከፈቱና ተዉት።

«ከበር ከመለስኳቸው ሰዎች» አሉ፤ አዲሶቹ አመልካቾችም ኮሪደሩ ላይ እየጠበቁ ነበርና የዕጣውን ሳጥን ይዘው ወጡ።