ከደብዳቤው የቀረችው ጤነኛ ልጅ

አቶ ወልደጊዮርጊስ ኮልፌ ታክሲ መያዣው ላይ ተሰልፈው፣ ደብዳቤ ያለበትን ካኪ ፖስታ ካፊያው እንዳይነካው ኮታቸው ውስጥ ሸጉጠው ቆመዋል። ሠላሳ አንድ ዓመት በፍርድ ቤት ደጃፍ ማመልከቻ ሲጽፉ የኖሩ ሰው ስለሆኑ ወረቀት እንዴት እንደሚያዝ ያውቃሉ። አሁን የሰፈራቸው እድር ሊቀመንበር ናቸው። ደብዳቤውን ለአልፊያ ሊያደርሱ ቢሮዋ ለመሄድ ታክሲ ሲጠብቁ፣ አልፊያ ራሷ ፊት ለፊታቸው ከቆመ ሚኒባስ ወረደች።

"ጋሽ ወልደጊዮርጊስ! እኔ እኮ ወደ እርስዎ ቤት እየመጣሁ ነበር።"

"እኔ ደግሞ ወደ ቢሮሽ። እግዜር አገናኘን። ነይ እዚህ ሻይ ቤት በረንዳ እንጠለል።"

አልፊያ የሰፈሩ ልጅ ናት። የሕዝብ ጤና ተምራ፣ ከአካባቢ ብክለት የሚመጣ በሽታን በሚከላከል አንድ ዓለም አቀፍ ድርጅት ውስጥ ትሠራለች። ሥራዋ ከትልልቅ ፋውንዴሽኖች ድጋፍ የሚጠየቅበትን ፕሮፖዛል ማዘጋጀት ነው። በሰፈሩ አሮጌ የመኪና ባትሪ እየፈለጡ በውስጡ ያለውን እርሳስ የሚያቀልጡ ወርክሾፖች አሉ። የዚህ ብረት አቧራ በየግቢው አፈር ላይ ያርፋል፤ መሬት ላይ የሚጫወት ሕፃን በእጁ ወደ አፉ ያስገባዋል፤ እያደር አእምሮውን ይጎዳዋል። ድርጅቱ ግቢዎቹን ለማጽዳት አምና ድጋፍ ጠይቆ አልተሳካለትም። ዘንድሮ የሚያመለክትበት የመጨረሻ ቀን ነገ ነው፤ የቀረውም የነዋሪው የድጋፍ ደብዳቤ ብቻ ነው።

አልፊያ ፖስታውን ከፍታ አነበበች። "በሰፈራችን ያልታመመ ሕፃን፣ ያላነባች እናት የለም። ምድሪቱ መርዝ ሆናብን ሁላችንም እያለቅን ስለሆነ፣ በፈጣሪ ስም ድረሱልን እያልን በእንባ እንማጸናለን" ይላል።

"እህ፣ እንዴት ነው?" አሉ አቶ ወልደጊዮርጊስ፣ ምስጋና እየጠበቁ።

"አጻጻፍዎ ያምራል ጋሼ። ግን ይህን ልልከው አልችልም።"

"ምን ጎደለው? ማኅተሙ አለ።"

"የጎደለ የለም። የበዛ ነው ያለው።"

ሽማግሌው ፊታቸው ተለወጠ። "አንቺ ልጅ፣ ገና ሳትወለጂ በዚህ እጄ ስንቱን ባለጉዳይ ከሹም ፊት አቅርቤያለሁ! ሹም ደረቅ ነገር አያነብም። አንጀቱን ካልበላሽው ወረቀትሽ መሳቢያ ውስጥ ነው የሚቀረው።"

"አምናም የጻፉልን እርስዎ ነበሩ።"

"እና አምና ያልተሳካው በእኔ ነው ልትዪኝ ነው?"

"በእርስዎ ብቻ አይደለም፤ በእኔም ነው" አለች አልፊያ አንገቷን ደፍታ። "ደብዳቤዎ ልጆቹ ሁሉ ታመዋል ይላል። የእኛ ሰንጠረዥ ደግሞ ከተመረመሩት ስልሳ ልጆች በሃያ ሦስቱ ደም ውስጥ እርሳስ በዝቶ ተገኘ ይላል። አለመጣጣሙን አይቼው ነበር። ግን የታላቅ ሰው ቃል ማረም ነውር መስሎኝ፣ ይሉኝታ ይዞኝ እንዳለ ተርጉሜ ላክሁት። ገምጋሚዎቹም 'የትኛውን እንመን?' ብለው መለሱልን።"

ይህን ለአቶ ወልደጊዮርጊስ እስከዚያች ቀን ድረስ ማንም አልነገራቸውም ነበር። አምና በእድሩ ስብሰባ ላይ ቆመው "ፈረንጆቹ ጨከኑብን" ያሉት ራሳቸው ናቸው። ሻዩን አንዴ ፉት አሉና፣ "ሃያ ሦስት ልጅ አነሳቸው?" ሲሉ ጠየቁ።

"እነሱማ አነሰን አላሉም። ያሳነሱት እርስዎ ነዎት ጋሼ። ሃያ ሦስት አይበቃም ብለው አይደል ሁሉም ያሉት?"

"ምላስሽ ቁርጥ የእናትሽ ነው!" አሉ፤ ሳይወዱ ፈገግ አሉ።

"ሌላም አለኝ። ባለፈው ክረምት በራሳችን ትንሽ ገንዘብ ለሙከራ በአሥር ግቢዎች የተበከለውን አፈር አንስተን ንጹሕ አፈር አልብሰን ነበር። ሦስቱን ጎርፍ ወሰደብን። እሱንም ይጻፉልኝ።"

"ውይ ውይ! እሱንማ ተይው። ለልጁ ሥራ የሚለምን አባት ልጄ ሰነፍ ነው ብሎ ይጀምራል? ገበናችንን ዘርግተን ማን ይረዳናል?"

"ሦስቱ ግቢዎች የውሃ መሄጃ ቦይ አልነበራቸውም። ዘንድሮ ቦይ ለምን እንደምንጠይቅ የሚያስረዳልን ይኸው ነው። ብንደብቀው ደግሞ ሊጎበኙ ሲመጡ በዓይናቸው ያዩታል፤ ከዚያ በኋላ እውነታችንንም አያምኑንም።"

አቶ ወልደጊዮርጊስ የሻዩን ብርጭቆ አስቀመጡ። "ይሁን እሺ። ግን ሠላሳ ሰባቱ ጤነኛ ናቸው ብለሽ ጽፈሽ፣ 'ታዲያ ምን አጥታችሁ ትለምናላችሁ?' ቢሉሽስ?"

"ዘሀራን ያውቋታል?"

"የመህዲን ሚስት? እንዴት አላውቃት! ባሏን ከወርክሾፕ ሲመጣ ከነልብሱ አታስገባውም። በር ላይ ታስወልቀዋለች፣ ውሃ ቀድታ ታስታጥበዋለች። መህዲ ቤቱ የሚገባው ኬላ አልፎ ነው እያልን ስንስቅበት ነው የኖርነው።"

"መህዲ ቀኑን ሙሉ እርሳስ ሲያቀልጥ ይውላል፤ የልጃቸው የሀይፋ ደም ግን ንጹሕ ነው። እሷ ብቻ ብትሆን አጋጣሚ ነው እል ነበር። አባት ልብሱን በር ላይ የሚያወልቅባቸው ዘጠኝ ቤቶች አግኝተናል፤ በስምንቱ ልጆቹ ደህና ናቸው። እርስዎ 'ያልታመመ ሕፃን የለም' ሲሉ ሀይፋን ሰረዟት። እሷን ከሰረዝን መፍትሔው እንደሚሠራ በምን እናሳምናቸዋለን?"

አቶ ወልደጊዮርጊስ ደብዳቤውን ከእጇ ወስደው እንደገና አነበቡት። ዕድሜያቸውን ሙሉ፣ በሚለምኑት ሰው ፊት ደህና ነገር ማንሳት ልመናውን የሚያበላሽ ይመስላቸው ነበር። አሁን ግን አንዲት ደህና ልጅ ለሃያ ሦስቱ የምትመሰክር ሆና ታየቻቸው። የሳቁበት የዘሀራ ጥንቃቄም ትንሽ አሳፈራቸው።

"ብዕር ይዘሻል?" አሉ በመጨረሻ።

በፖስታው ጀርባ ላይ ቀስ እያሉ ጻፉ። "ከተመረመሩት ስልሳ ልጆቻችን ሃያ ሦስቱ ተጎድተዋል። ሠላሳ ሰባቱ ደህና ናቸው፤ አንዳንዶቹን የጠበቃቸው አባታቸው ልብሱን በር ላይ አውልቆ ታጥቦ መግባቱ መሆኑን አይተናል፤ ይህ ለሌሎቹም እንዲደርስ እንፈልጋለን። አምና ንጹሕ አፈር ከለበሱት አሥር ግቢዎች ሦስቱ ቦይ ስላልነበራቸው ሥራው በጎርፍ ፈርሷል። ቦዩን የምንቆፍረው እኛ ነን።" የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር አልፊያ አልነገረቻቸውም።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ የእድሩ ኮሚቴ ተሰበሰበ። ከኮሚቴው አባላት አንዷ ወይዘሮ ሰርኬ ደብዳቤው ሲነበብ ሰምተው፣ "ይሄማ የሐኪም ወረቀት ነው። አንዲት እንባ እንኳ የለበትም!" አሉ።

"እንባውን አምና ልከነዋል፤ ምን መጣልን?" አሉ አቶ ወልደጊዮርጊስ። "ሰርኬ፣ ያንቺ ልጅ ከሃያ ሦስቱ አንዱ ነው። ሁሉም ታሟል ካልን መጀመሪያ ወደ ማን ቤት ይሂዱ?"

ወይዘሮ ሰርኬ ወረቀቱን ወደ ራሳቸው ስበው ከሁሉ ቀድመው ፈረሙ።

ፋውንዴሽኑ በስድስተኛው ወር ድጋፉን ፈቀደ። በጻፈው መልስ ላይ ስለ ሦስቱ ግቢዎች በግልጽ መነገሩን በበጎ እንዳየው ገልጿል። ነዋሪው ቦዩን ቆፈረ፤ የተበከለው አፈር ተነሣ፤ ግቢዎቹ ንጹሕ አፈርና ሲሚንቶ ለበሱ። በወርክሾፖቹ በር ላይ መታጠቢያና የልብስ መቀየሪያ ክፍል ተሠራ። በመህዲ የሚስቅም ጠፋ፤ አባቶች ሁሉ እንደ እሱ ታጥበው መግባት ጀመሩ። በልክ የተነገረ ችግር ሰሚ እንደሚያገኝ፣ ሳይደበቅ የተነገረ ስሕተትም ለሚቀጥለው ሥራ መንገድ እንደሚያሳይ ሰፈሩ በዓይኑ አየ።

በዓመቱ ሃያ ሦስቱ ልጆች እንደገና ተመረመሩ። በአሥራ ስድስቱ ደም ውስጥ ያለው እርሳስ ቀንሷል፤ ከእነሱም አንዱ የወይዘሮ ሰርኬ ልጅ ነው። በሰባቱ ግን ለውጥ አልታየም። አልፊያ ለፋውንዴሽኑ የሚላከውን ሪፖርት ረቂቅ ይዛ መጥታ፣ "በአሥራ ስድስቱ ልጀምር ብዬ ነው ጋሼ፤ ደስ የሚለውን ላስቀድም" አለቻቸው።

አቶ ወልደጊዮርጊስ መነጽራቸውን አድርገው ወረቀቱን አዩት። "ሰባቱን ከላይ አድርጊያቸው" አሉ። "የቀረን ሥራ እነሱ ቤት ነው።"