ከምሳ በኋላ ቤት የሚውለው ጠራዥ

ያረምኩት መጽሐፍ ከምን እንደ ደረሰ ልጠይቅ ማተሚያ ቤት ጎራ ብል፣ ሳላስበው ክርክር መሀል ገባሁ። የጥረዛ ክፍሉ ሹም የብረት ማስመሪያቸውን ይዘው ቆመዋል። ማስመሪያው ከእጃቸው ስለማይለይ ሠራተኛው ሁሉ ጋሼ ማስመሪያ ይላቸዋል፤ እሳቸውም ስሙን ወደውታል። ፊት ለፊታቸው አንድ ወጣት ጠራዥ ጣቱ ላይ የደረቀውን ሙጫ እየላጠ ያዳምጣል። ጋሼ በቅርቡ ጡረታ ይወጣሉ፤ ሹመቱም ለዚህ ልጅ እንዲሰጥ ለአለቆቹ ተናግረውለት ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። የጠራዡ ሚስት ነርስ ናት፤ የወሊድ ፈቃዷ አልቆ የከሰዓት ተረኛ ልትሆን ነው። ስለዚህ እሱ ማለዳ እየገባ፣ በምሳ ሰዓት እየወጣ ሕፃኗን ሊይዝ ፈቃድ ጠየቀ። ጋሼ ግን እንዲህ ያለ ሰው ሹም አይሆንም አሉ። ሞግዚት ቅጠር አሉት፣ አክስት አስመጣ አሉት፣ ኋላም የጎረቤት መሳቂያ እንዳትሆን ብለው መከሩት። እኔን ሲያዩ ዳኛ ያገኙ መስሏቸው ወንበር ሳቡልኝ። የተማረ ሰው ሁሉ ለእሳቸው የሚፈርድ ይመስላቸዋል።

«ልጅ ማሳደግን ማን ከሥራ ቆጥሮት ያውቃል?» አሉ። «እኔ ስድስት ወልጄ አንድም ቀን ከሥራ ቀርቼ አላውቅም። ልጆቼም፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ አደጉ።»

«ማን አሳደጋቸው ጋሼ?» አለ ጠራዡ በትሕትና።

«እናታቸው ናታ። እሷ ምን ሥራ ነበራት፣ ቤት ነው የምትውለው።»

ጠራዡ በዚህ አልተከራከረም፤ ነገሩን ወደ ጥረዛው አዞረው። በዚያ ክፍል አዲስ ተለማማጅ የመጀመሪያውን ዓመት ብቻውን አይተውም። ጋሼ ራሳቸው አጠገቡ ተቀምጠው የመርፌ አያያዙን ያያሉ፤ ምሳም አብረውት ይበላሉ። አለቆቹ ጊዜ ይባክናል ብለው ደንቡን ሊሽሩ ሲሉ ጋሼ አሻፈረኝ ብለዋል።

«እጅ አንዴ ከተበላሸ ማቃናት ከባድ ነው ያሉን እርስዎ ነዎት» አለ። «ለመርፌ አያያዝ ዓመት ሙሉ አጠገባችን ሲቀመጡ ሥራ ፈቱ ያለዎት የለም። እኔ ደግሞ አንዲት ነፍስ አደራ ተቀብያለሁ። መጽሐፍ ቢበላሽብን ፈትተን እንሰፋዋለን፤ እሷን እግዚአብሔር ሲጠይቀኝ ሥራ በዝቶብኝ ነበር ልለው ነው? ጌታችን ዘንድ ሕፃናት ሲያመጡ ሐዋርያቱም ሥራ የሚያስፈቱት መስሏቸው ከልክለው ነበር፤ እሱ ግን ሐዋርያቱን ተቆጥቶ ሕፃናቱን አቀፈ። ሹመቱ ይቅርብኝ ጋሼ። ፈቃዱን ግን አይከልክሉኝ።»

ጋሼ ማስመሪያውን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡ። አሳዘኑኝ።

«እዚህ ያለፈውን ተለማማጅ ሁሉ አውቀዋለሁ» አሉ ቀስ ብለው። «ማን ግራኝ እንደሆነ፣ ማን ሲቆጡት እጁ እንደሚንቀጠቀጥ አውቃለሁ። የመጨረሻዋ ልጄ በየትኛው እጇ እንደምትጽፍ ብትጠይቁኝ ግን አላውቅም።»

ወዲያው አለቆቹ ዘንድ ወጥተው፣ ጠራዡ ሹም እንዲሆን፣ ከሰዓት በኋላውንም ምክትሉ እንዲሸፍን አስወሰኑ። ክፍሉም እንደተፈራው አልፈረሰም። ዛሬ ልጅ ያላቸው ሁሉ ሰዓታቸውን ተመካክረው ይቀያየራሉ። አባቶች ልጅ ሲታመም ፈቃድ ለማግኘት የሌለ ቀብር መፍጠር ትተዋል፤ እናቶችም ስለ ወለዱ ሥራ መልቀቃቸው ቀርቶ ልምድ ያለው እጅ ከማተሚያ ቤቱ አይወጣም። ልጅ የሚያሳድግ ሰው ነገ ለሁላችን ጎረቤት፣ ሐኪምና ዳኛ የሚሆነውን ሰው እያዘጋጀ ነውና፣ «ሥራ የላትም» ከማለታችን በፊት ምላሳችንን ብንሰበስብ መልካም ነው።

ጋሼ ያን ቀን በጊዜ ወደ ቤታቸው ገቡ። በማግሥቱ ተመልሼ ስሄድ ሳይስቁ እንደነገሩን፣ ባለቤታቸው በር ከፍተው ሲያዩዋቸው ደንግጠው አንድ ነገር ብቻ ጠየቋቸው፦ «ምነው፣ አመመህ እንዴ?»