የተዘጋው የመስቀል ምዝገባ

አቶ ወልደማርያም ወልቂጤ ከሚገኝ አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ገብተው ሠላሳ ስምንት ገጽ የድረ ገጽ ኮድ እንዲታተምላቸው ሲያዝዙ፣ ተራ የምትጠብቅ አንዲት ወጣት ዞር ብላ አየቻቸው። ጊዜው ነሐሴ 2005 ዓ.ም. ነበር። አዛውንቱ አዲስ አበባ በማተሚያ ቤት አራሚነት ያረጁ፣ ጡረታ ሲወጡ ድረ ገጽ መሥራትን በራሳቸው ጥረት የተማሩ ሰው ነበሩ፤ ይህንንም ሳይጠየቁ ይናገራሉ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ ጋሼ፣ ኮድ በወረቀት ምን ያደርግልዎታል?» አለች ወጣቷ። ሰልሚያ ትባላለች፤ የቡታጅራ ልጅ ናት፣ ኮምፒውተር ሳይንስ ተምራለች።

«ላርመው ነዋ፣ ልጄ! ስህተት የሚያዘው በቀይ እስክሪብቶ ነው።»

እውነቱን ለመናገር፣ ሦስት ቀን አርመው አልያዙትም። ለመስቀል አገራቸው የሚገቡ ሰዎች የአውቶቡስ ወንበር እንዲይዙበት የሠሩት ገጽ፣ ገና ሥራ ሳይጀምር «ምዝገባው ተዘግቷል» ይላል። እስከ ነገ ካልተስተካከለ፣ ገጹን ያሠራቸው የአገሬው ተወላጆች ማኅበር ሥራውን ለሌላ ሊሰጥ ቆርጧል። «ሽማግሌን ከኮምፒውተር ምን አገናኘው!» የሚለው ወሬ ደግሞ ከሁሉ ይልቅ አንገብግቧቸዋል።

ሰልሚያ ይህን ስትሰማ ላፕቶፗን ከፈተች። «ድረ ገጽ የምንከፍትበት ብሮውዘር ውስጥ መመርመሪያ መሣሪያ አለ። ገና ሙከራ ላይ ነው። ፕሮግራሙን እየሠራ ሳለ በፈለጉት መስመር ላይ ያስቆምልዎታል፤ እዚያው አርመው ውጤቱን ወዲያው ያያሉ።»

«ሙከራ ላይ ያለ? ደግሞስ ሰው እያየው ገጹን ልነካካ? ተሳፋሪ ጭኖ የሚሄድ መኪና ሞተሩ ይፈታል እንዴ?»

«የሚለወጠው እኛ የምናየው ብቻ ነው፤ ሌላው ሰው የሚያየው የድሮውን ነው። ካልወደዱት ገጹን መልሰው ሲከፍቱት እንደነበረ ይሆናል። መሣሪያው ሊያስቸግር ስለሚችል የዋናውን ፋይል ቅጂ እንይዛለን። አይመኑት ጋሼ፤ ብቻ ይዩት።»

«እሺ፤ እኔ እንደሆን ካላየሁ አላምንም።»

ልጅቷ የመዝጊያው ቀን ከዛሬው ቀን ጋር በሚነጻጸርበት መስመር ላይ ፕሮግራሙን አስቆመች። «ይኸው፣ የመዝጊያውን ቀን ጃንዋሪ 15 ብሎ ነው ያነበበው። ካለፈ ሰባት ወር ሆኖታል።»

«ምን ጃንዋሪ! እኔ የጻፍኩት መስከረም 15 ነው። እዪው፣ ወር አንድ…» ሲሉ ስህተታቸው ታያቸው። ዓመቱን በፈረንጅ፣ ወሩን በሐበሻ ጽፈውታል። ለእርሳቸው አንደኛ ወር ከመስከረም ሌላ ምን ይሆናል? በወረቀት አሥር ጊዜ አይተው አሥር ጊዜ ልክ ነው ብለዋል።

ሰልሚያ መስከረም 15 በፈረንጅ በሚውልበት ቀን፣ ሴፕቴምበር 25 ብላ ለወጠችው። ዓይናቸው እያየ ምዝገባው ተከፈተ። አዛውንቱ አፈሩም፣ ደስም አላቸው።

«ሦስት ቀን ሙሉ እኔ የጻፍኩትን አነበብኩ» አሉ ቀስ ብለው። «ኮምፒውተሩ የተረዳውን ግን አንድ ጊዜ እንኳ አልጠየቅሁትም።»

«ቀዩን እስክሪብቶ አይጣሉት፤ ለጽሑፉ ያስፈልገናል» አለች እየሳቀች።

እንዲህ ያለው መሣሪያ የአዋቂን ሙያ አይሽርም። ግምቱን ያስቀርለታል፤ ለእያንዳንዷ እርማት ወረቀት ከማባከንና በዚያ ዘገምተኛ ኔትወርክ ፋይሉን ደጋግሞ ድረ ገጹ ላይ ከመጫን ያድነዋል። ከሁሉ በላይ፣ ልክ ነኝ ብሎ የሚምል ሰው ስህተቱን በዓይኑ እንዲያይ ያደርገዋል።

አቶ ወልደማርያም ዋናውን ፋይል በገዛ እጃቸው አርመው ድረ ገጹ ላይ ጫኑና ሰልሚያን ይዘው ወደ ማኅበሩ ሄዱ። ሊቀ መንበሩ የማን ጥፋት እንደነበር ጠየቁ። ኔትወርክ ነው ቢሏቸው ማንም አይጠራጠርም ነበር።

«የኔ ነው» አሉ አቶ ወልደማርያም። «ያገኘችው ይህች ልጅ ናት። እሺ ካለች፣ ከሰኞ ጀምሮ ተማሪዋ ነኝ።»

በዚያው ዕለት፣ ጀምበር ሳትጠልቅ የመጀመሪያው አውቶቡስ በተመዝጋቢ ሞላ።