የጌታው ጣቶች

ግቢ እንጂ እታለም፣ ደጅ ምን ያቆምሻል። ዝናቡ አባራ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? እኔማ ደህና ነኝ፤ ጆሮዬም ደህና ነው... ምን ያደርጋል።

እዚያ ወንበር ላይ አትቀመጪ፣ የጌታው ጊታር ማረፊያ ነው። እኛ ሳጥኑ ይበቃናል። ድምፅሽንም ዝቅ አታድርጊ፤ ከመጋረጃው ወዲያ ያለ ሰው ቢሰማ ምን ይለናል? ስም አልጠራሁም። ልጄ እንደሆን ያላት አንድ ባል ነው።

የስፌት መኪናዋን ልታዪ ነው የመጣሽው፣ ሰምቻለሁ። አዎ፣ ትሸጥ ተብሏል፤ አዲስ ጊታር ሊገዛባት። የድሮው ጥፋተኛ ሆኖ ተገኘ... ሰሞኑን የሙዚቃ ባንድ ውስጥ ሊቀጠር ሄዶ አለቃቸው፣ እስቲ ከወፍራሙ ክር እስከ ቀጭኑ ቀስ ብለህ ውጣና ውረድ ቢለው፣ መንገድ ላይ ክሩ እንደ ዝንብ ጥዝዝ አለ። ጥፋቱ የማን ይሁን? የእንጨቱ ነዋ። ጣትማ ምን በወጣው።

ጊታር ያስተምረው የነበረው አስተማሪ ቀድሞ ነግሮት ነበር፤ እዚሁ ቁጭ ብዬ ሰምቻለሁ። ጠቋሚውን፣ መሐሉን፣ የቀለበቱን፣ ትንሿን፣ በየተራ አንድ ክር ላይ ቀስ እያልክ ተጫን፤ ድምፁ ሳይጠራ ወደ ሌላው አትለፍ አለው። የግራ እጅህንም ጥፍር ቁረጥ፣ ጣትህን ከክሩ እያራቀ ነው አለው። ድፍረቱ አይገርምሽም? ጌታው፣ ያ የሕፃን ትምህርት ነው ብሎ መለሰለት። እውነቱን ነው... ትልቅ ሰው ነው። አንድ ስመ ጥር ጊታር መቺ ጥፍሩን አሳድጎ ቢያይ እሱም አሳደገ፤ ሰውየው ያሳደገው የቀኝ እጁን ብቻ መሆኑን ልብ የሚልበት ጊዜ ከየት ያምጣ? እንዳይሰበርበትም ሰሃን አያጥብም፣ ባልዲ አያነሳም። ጥበብ ስንት መከራ አለው... አያያዙን አይተህ ጭብጦውን ቀማው ይላሉ፤ አስተማሪው ግን ደግ ሰው ነው፣ ጊታሩን ሳይቀማው ሄደ።

ልጄማ ምን ታውቃለች? ተሰጥኦ የላትም። ስፌት ስትማር ክር ባልገባበት መርፌ ወረቀት ላይ መስመር ስትከተል ከረመች። እኔም እንደ ሞኝ ጎበዝ እላት ነበር። ይኸው ዛሬ የሰፈሩ ተማሪ ሁሉ የሚለብሰው የሷን ስፌት ነው፤ ይህም ቤት የሚያድረው በዚያው ነው። ወሯ ገብቶ፣ እግሯ አብጦ እንኳ ፔዳሏን አልለቀቀችም። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የተባለው እንደሷ ላለው ነው፤ የተከበረ እንቁላል ታክሲ ይጠብቃል።

መኪናዋን እያት፣ ማየት አይከለከልም። ልጄስ እሺ ብላለች፤ ከእሺ ሌላ ቃል አላስተማርኳትም። ግን ስትዳር ይቺን መኪና የሰጠኋት እኔ ነኝ፣ እኔን ደግሞ የጠየቀኝ የለም። በከንቱ አደከምንሽ እታለም፤ አትሸጥም። ለጌታውም አዝኜ ነው እንጂ... መኪናዋ አዲስ ጣት መስፋት ብትችል ዛሬውኑ አሰፋለት ነበር።

ከመሄድሽ በፊት ግን እንመርቅ፤ ቂም የለብኝም። ፈጣሪ ልጄን በሰላም ይገላግላትና ወንድ ልጅ ይስጠው። መልኩ ቁርጥ አባቱን ይሁን፣ ቆንጆ ነዋ፣ ማን ይክደዋል... እጁ ብቻ የእናቱን ይሁን። አሜን በይ እንጂ እታለም። ከመጋረጃው ወዲያም አሜን የሚል ካለ ይበል፣ አሜን ማለት እንኳ ልምምድ አያስፈልገውም።