እትዬ ለምን ከባቡሩ ሲወርዱ

እትዬ፣ ዛሬ እንኳ ሳይጠይቁ ያዳምጡኝ።

ወዳጆቼ፣ ዛሬ በጡረታ የምንሸኛቸው እኚህ ሴት የከተማ ባቡር መንዳት ሊማሩ የመጡ ዕለት አብሬያቸው ነበርኩ። አሠልጣኛችን ሻያቸውን ይዘው ስለ ፍሬን ሲያስረዱን፣ እትዬ "ይሄስ ምን ያደርጋል?" አሉና አንዱን ቁልፍ ተጫኑት። አሠልጣኙ አፋቸውን ሳይከፍቱ ጥሩምባው መለሰላቸው። ሻዩ አሠልጣኙ ሸሚዝ ላይ ቀረ፤ "እትዬ ለምን" የሚለው ስም ደግሞ እሳቸው ላይ።

ከዚያ ወዲህ ከጥያቄያቸው ማን ተረፈ? በር አጠገብ ያለው ወንበር ለምን ቀድሞ እንደሚያልቅ የጽዳት ሠራተኞቻችንን ይጠይቃሉ። ትልቅ መስታወት አቅፎ የተሳፈረን ሰው ለማን እንደሚወስደው ይጠይቃሉ። መካኒካችን ገና ከሩቅ ሲያያቸው ባቡሩ ሥር ይገባል፤ እሳቸውም ጎንበስ ብለው እዚያው ይጠይቁታል። አትሳቅ፣ አንተን ነው።

አንድ ቀን ግን የመጨረሻው ጣቢያ ላይ ተሳፋሪው ሁሉ ወርዶ አንድ አዛውንት ባርኔጣቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ቀሩ። ደንቡ ነውና እንዲያስወርዳቸው ጥበቃው ተጠራ። እትዬ ቀድመውት አጠገባቸው ተቀመጡና የት ሊወርዱ እንደነበር ጠየቋቸው። ቤታቸው ሊሄዱ ነበር። ቤታቸው የት እንደሆነ ሲጠየቁ ግን ዓይናቸው እንባ አቀረረ። የሰፈራቸውም የልጃቸውም ስም ጠፍቶባቸዋል።

እኛ ፖሊስ እንጥራ አንጥራ ስንባባል፣ እትዬ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "አባባ፣ ጠዋት መስኮት ሲከፍቱ ምን ይሰማሉ?" አሏቸው።

አዛውንቱ አሰቡ አሰቡና፣ "መጋዝ" አሉ። "እንጨት የሚቆርጥ መጋዝ።"

በመስመራችን ላይ አጠገቡ አናጢዎች የሞሉበት ጣቢያ አንድ ብቻ ነው። እትዬ ባቡሩን ለእኔ አስረክበው፣ የአዛውንቱን ክንድ ይዘው እንደ ተሳፋሪ ተቀመጡ። ስንደርስ አንዲት ሴት ነጠላ ጫማዋን አዟዙራ ተጫምታ፣ አባቷን ያየ ካለ መንገደኛውን ሁሉ ስትጠይቅ አገኘናት። አባቷን ስታያቸው የኮታቸውን ቁልፍ ትቆልፍላቸው ጀመር። እትዬ አለቀሱ። እኔም ጋቢናው ውስጥ ሆኜ፣ ማንም አላየኝም ብዬ።

ከዚያ ወዲህ የመጨረሻው ጣቢያ ላይ ፉርጎ ለፉርጎ ዞሮ ሳያይ በር የሚዘጋ ሹፌር የለንም። ያዘዘን አለቃ የለም፤ ከእርስዎ አይተን ነው። ስለዚህ እናመሰግንዎታለን።

እትዬ፣ ይህን ሁሉ ዘመን ሲያዩ የኖሩት ከፊት ያለውን ሐዲድ ነው። አሁን በጎኑ መስኮት በኩል ይቀመጡና ከተማውን ደስ እስኪልዎ ይዩት።

ብርጭቋችሁን አንሡልኝ። ለእትዬ ጤና፣ ለእትዬ ዕድሜ። ማንም ሳያጣድፍዎ፣ ልብዎ በወደደው ጣቢያ ይውረዱ።