የሴቶቹ ክፍል በር

ባንቺአየሁ ታስራበት በነበረው የወረዳ ፖሊስ ጣቢያ ላይ የመሠረተችው የታሳሪ መብት ክስ ነገ መሰማቱ ይቀጥላል፤ የጣቢያው የሴቶች ክፍል ጠባቂ ሳጅን ጥሩዬ አብራት ያደገችውን ከሳሽ ልትለምን ደጇ ላይ ቆማለች።

ጥሩዬ፦ እኔን ብቻ ከክሱ አውጪኝ። ጣቢያውን ከፈለግሽ ከነጣሪያው አፍርሺው!

ባንቺአየሁ፦ ተከሰሻል ያለሽ ማነው?

ጥሩዬ፦ የጣቢያችን አዛዥ፣ ኮማንደሩ ነዋ። «አንቺንም ጨምራ ከሳለች፤ ሄደሽ ክሷን እንድታነሳ ለምኛት» አለኝ።

ባንቺአየሁ፦ እሺ ብለሽ መጣሽ። እኔ ስለምንሽ ግን አልሰማሽም።

ጥሩዬ፦ ጄኔሬተሩ ይጮህ ነበር። እውነቴን ነው፣ አልሰማሁም።

ባንቺአየሁ፦ መሬት ላይ ተኝቼ እያማጥኩ «ጥሩዬ» ብዬ ስጣራ፣ ጫማሽ ሲንቀሳቀስ በበሩ ስር አየሁት።

ጥሩዬ፦ ተይ በናትሽ።

ባንቺአየሁ፦ ምኑን ልተው? የሸሸ ወንድሜ እስኪገኝ ተብዬ በሱ ፈንታ ታሰርኩ። አብራኝ የታሰረችው ሴት ከነጠላዋ ክር መዝዛ የልጄን እትብት አሰረችላት። ልጄ ስትወለድ አልቅሳለች፤ እሱንም አልሰማሁም በይ።

ጥሩዬ፦ ሰምቻለሁ።

ባንቺአየሁ፦ በሩ ሲከፈት ግን ዝም ብላ ነበር።

ጥሩዬ፦ ቁልፉ እጄ ላይ ነበር፣ ባንቺ። ሳልታዘዝ ብከፍት እኔው ነኝ የምገባው። ለኮማንደሩ ደወልኩለት። ኳስ እያየ ነበር፤ የሰዉ ጩኸት በስልኩ ይሰማኛል። «ምጧ መጥቷል» ስለው፣ «ታስመስላለች፤ እኔ ሳልመጣ እንዳትከፍቺ» ብሎ ጆሮዬ ላይ ዘጋው። ደግሜ ስደውል አላነሳም።

ባንቺአየሁ፦ ነግረሽው ነበር?

ጥሩዬ፦ ነገርኩት እንጂ!

ባንቺአየሁ፦ ባለፈው ችሎት ምሎ ምን እንዳለ ታውቂያለሽ? «ምጥ እንደያዛት ማንም አልነገረኝም፤ ጠባቂዋ ደብቃኝ ነው።»

ጥሩዬ፦ ጠባቂዋ ብሎ?

ባንቺአየሁ፦ በስምሽ ጠርቶሽ። ከነማዕረግሽ።

ጥሩዬ፦ ትናንት ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ «አይዞሽ፣ እኔ አለሁልሽ» ሲለኝ ነበር እኮ!

ባንቺአየሁ፦ አንቺን አልከሰስኩም፣ ጥሩዬ። ምስክር አድርጌ ነው የቆጠርኩሽ።

ጥሩዬ፦ ምስክር?

ባንቺአየሁ፦ ጫማሽን ካየሁ ቀን ጀምሮ ጠልቼሻለሁ፤ ዛሬም አልለቀቀኝም። ግን እዚያ በር ላይ ከአንቺ ሌላ ማን ነበረ?

ጥሩዬ፦ ብትከሺኝ ይሻለኝ ነበር። እሱ ላይ መስክሬ በዚህ ከተማ እንዴት እኖራለሁ? ልጆች አሉኝ እኮ።

ባንቺአየሁ፦ እኔም አንዲት ነበረችኝ።

ጥሩዬ፦ ... ነገ ዩኒፎርሜን ለብሼ ልምጣ ወይስ አውልቄ?

ባንቺአየሁ፦ ያን ቀን ለብሰሽው ነበር።